የሳነቲን ድንጋዮች ማን አሰለፋቸው? አዛዥ የሌለው ሥርዓት ታሪክ

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ሽቅብ ነው። ጥዱንና ኮሶውን፣ ቀጥሎም አስታውን እያለፈ ወጥቶ ወጥቶ ሳነቲ አምባ ላይ ሲደርስ ዛፍ የሚባል ነገር ያበቃል። እዚያ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ስልሳ በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ትንሽ ዳገት እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል። ጅብራው እዚህም እዚያም እንደ ዘበኛ ቆሟል። የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ላይ ሆኖ አምባውን ቁልቁል ያያል።

በዚህ አምባ ላይ መንገደኛው ልብ ሳይለው ሊያልፈው የሚችል፣ ከአየር ላይ ሲታይ ግን ፍንትው የሚል ነገር አለ። ትላልቅ ድንጋዮች በረድፍ በረድፍ ተሰልፈዋል፤ በረድፎቹ መካከል ደቃቅ አፈር ተኝቷል። ተዳፋቱ ላይ ባለ መስመር ጋቢ የተዘረጋ ይመስላል። ትንንሽ መስመሮች እንዳይመስሏችሁ፤ አንዳንዱ ረድፍ እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማል፣ እስከ 15 ሜትር ይሰፋል፣ ድንጋዩም ወደ መሬት ውስጥ እስከ 2 ሜትር ይጠልቃል። በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲው አሌክሳንደር ግሮስና ባልደረቦቹ በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ እንዲህ ያለ ግዙፍ የድንጋይ ሰልፍ ከዚያ በፊት በሐሩር ክልል እንደማይታወቅ ጽፈዋል። የሚጠበቀውማ በዋልታዎቹ አካባቢና በሰሜኑ ቀዝቃዛ ምድር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ እነዚህን ድንጋዮች ማን አሰለፋቸው? ጥያቄው የድንጋይ ይመስላል፤ ነገር ግን ተከትለን ከሄድን መጨረሻው እያንዳንዳችን ሰውነት ውስጥ ካለው ሕዋስ ዘንድ ያደርሰናል።

ተጠርጣሪዎቹ

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሰው ነው። ይህ ሞኝ ግምት አይደለም፤ በአገራችን ድንጋይ በመደርደር የኮንሶን ሰው የሚያህል የለም። የኮንሶ የድንጋይ እርከኖች በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። እርከን የሚሠራው አፈርና ውኃ እንዳያመልጥ ስለሆነ ተዳፋቱን በአግድም ይቆርጠዋል። የሳነቲ ረድፎች ደግሞ ተዳፋቱን ተከትለው ቁልቁል ይወርዳሉ። አፈር ለማቆየት ብሎ እንዲህ የሚደረድር ገበሬ የለም።

በጥንት ዘመን እዚያ ሰው አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በባሌ ተራሮች 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ አዳኞች እየተመላለሱ ይኖሩበት ነበር። አካባቢው ያኔ በረዶ ግግር የተጫነው ነበር። ዋነኛ ሥጋቸው ምን መሰላችሁ? ፍልፈል። እየጠበሱ ይበሉት ነበር። እነዚህ በትንንሽ ቡድን የሚንቀሳቀሱ አዳኞች ናቸው እንጂ ኪሎ ሜትር የሚረዝም የድንጋይ ረድፍ የሚገነቡ አይደሉም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ራሱ ፍልፈሉ ነው። የባሌው ግዙፍ ፍልፈል ቀን ከሌሊት ምድር ሲቆፍር የሚኖር እንስሳ ነው። ይሁንና ክብደቱ ቢበዛ አንድ ኪሎ ግራም ቢጠጋ ነው፤ አፈር እንጂ ቋጥኝ አይገፋም። ለጊዜው ነፃ እንልቀቀው፤ በኋላ በሌላ ጉዳይ እንጠራዋለን። ጎርፍም ቢሆን ድንጋይ ያንከባልላል እንጂ ጎን ለጎን እንዲህ የተስተካከለ መስመር አያሰምርም።

የቀረው ተጠርጣሪ ውርጭ ነው።

ውርጭ እንዴት ድንጋይ ይለያል?

ድንጋይና አፈር የተቀላቀለበት እርጥብ መሬት አስቡ። ብርዱ ሲበረታ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ ይረጋል። ደቃቅ አፈር ብዙ ውኃ ይይዛል፤ ከዚህም በላይ መርጋት የጀመረው ቦታ ከሥሩ ያለውን ውኃ ወደ ራሱ እየሳበ የበረዶ ንጣፍ ይሠራል። ስለዚህ ደቃቅ አፈር ያለበት ቦታ ከድንጋያማው ይልቅ ይነፋል። ሲነፋ ደግሞ በላዩና በጠርዙ ያሉትን ድንጋዮች ወደ ውጪ ይገፋቸዋል። በረዶው ሲቀልጥ አፈሩ ተመልሶ ይሰበሰባል፤ ድንጋዩ ግን ወደ ነበረበት ሙሉ በሙሉ አይመለስም። አንድ ዓመት ብትጠብቁ የሚታይ ለውጥ ላይኖር ይችላል። ይህ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ግን ድንጋይ ወደ ድንጋይ፣ አፈር ወደ አፈር ይሰበሰባል።

እዚህ ላይ ዋናው ምሥጢር አለ። ድንጋይ በተሰበሰበበት ቦታ አፈር ስለሚያንስ እዚያ የሚነፋው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ከጎን የሚመጣው ድንጋይ እዚያው ያርፋል። በአጋጣሚ የተፈጠረች ትንሽ ልዩነት ራሷን እያሳደገች ትሄዳለች ማለት ነው። በ2003 ማርክ ኬስለርና ብራድ ወርነር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን በኮምፒውተር ሞክረውት ነበር። ጥቂት ሕጎችን ብቻ ሰጥተው ደጋግመው አስኬዱት። መሬቱ ሜዳ ሲሆን ድንጋዮቹ ክብና ባለ ብዙ ጎን ቅርጽ ሠሩ፤ መሬቱን ዘንበል ሲያደርጉት ደግሞ ረድፍ ሆኑ። ማንም «ረድፍ ሥሩ» ብሎ ያዘዛቸው የለም። ይህ ነው በሳይንስ ቋንቋ ራስን በራስ ማደራጀት የሚባለው፦ እያንዳንዱ ክፍል የሚያውቀው ጎረቤቱን ብቻ ሆኖ ሳለ ከሁሉም ድምር ሰፊ ሥርዓት ሲወጣ።

የዚህን የሩቅ ዘመድ ቤታችሁ ውስጥ ልታዩት ትችላላችሁ። ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት ባቄላ ከታች አድርጉና በላዩ ጤፍ ሙሉበት፤ ግን እስከ አፉ አትሙሉት። ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ደጋግማችሁ ነቅንቁት። ባቄላው ወደ ላይ ይወጣል። ባቄላው ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ጤፉ ከሥሩ ስለሚገባ መመለሻ ያጣል። የውርጩ ሥራ ከዚህ ቢለይም ቁም ነገሩ አንድ ነው፦ ዕውር የሆነ መነቅነቅ ዓይን ያለው የሚመስል ሥራ ይሠራል።

ችግሩ ግን የዛሬው ሳነቲ ይህን ለማድረግ አይበርድም። እነ ግሮስ ከ3,493 እስከ 4,377 ሜትር ባለው ከፍታ 29 የመሬት ሙቀት መመዝገቢያዎችን ቀብረው ተከታተሉ። ውርጭ የታየው በዓመት ከ35 እስከ 90 ቀናት ሲሆን እሱም በሌሊት፣ ላይ ላዩን ብቻ ነው። ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በታች ያለው መሬት ዓመቱን ሙሉ አይረጋም። እስከ ሁለት ሜትር የሚጠልቅ የድንጋይ ረድፍ ለመሥራት መሬቱ በወቅት በወቅቱ በጥልቀት መርጋት አለበት። ለዚያ ደግሞ አየሩ ከዛሬው ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል መቀዝቀዝ ነበረበት።

እንግዲህ ረድፎቹ የሞተ ሥራ ቅሪት ናቸው። የሠራቸው ብርድ ከሄደ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል፤ እነሱ ግን እንደተሰለፉ ቀርተዋል። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ሕዋስ ስንሄድ ያስፈልገናል።

ቅቤና ድስት

የፊዚክስ ሰዎች ሥርዓት ሁለት ዓይነት መሆኑን ለመረዳት ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል። ልዩነቱን ግን ማጀት ውስጥ ልናየው እንችላለን።

የመጀመሪያው የቅቤ ዓይነት ነው። እርጎ በቅል ሲናጥ በውስጡ የተበተኑት የስብ ጠብታዎች እየተጋጩ ይጣበቃሉ፤ በመጨረሻ ቅቤው ተሰብስቦ ይወጣል። መናጡ ካቆመ በኋላ ቅቤው ቅቤ ሆኖ ይቀራል። የጨው ጠጠርም እንዲሁ ነው፤ አንዴ ከተሠራ ማንም ሳይመግበው ይኖራል።

ሁለተኛው የድስት ዓይነት ነው። ውኃ ከሥር ሲሞቅ የሞቀው ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል፤ ዑደት ይፈጠራል። ፈረንሳዊው ኦንሪ ቤናር በ1900 ገደማ ስስ የፈሳሽ ንጣፍ ከሥር በእኩል ሲያሞቅ ፈሳሹ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ክፍሎች ሆኖ መደራጀቱን አሳየ። እሳቱን ስታጠፉት ግን ዑደቱም ጥለቱም ይጠፋል። ይህ ሥርዓት የሚኖረው እየበላ ነው። ቀለቡ ሲቋረጥ ያበቃለታል።

ሕይወት ያለው ነገር ከየትኛው ነው?

የብራውን ብናኞች

ታሪኩን ከ1827 እንጀምር። ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት አዋቂ ሮበርት ብራውን ከአበባ ዱቄት የወጡ ጥቃቅን ብናኞችን ውኃ ውስጥ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ያለ ዕረፍት ሲንቀጠቀጡ ተመለከተ። ብራውን ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ ከአቢሲኒያ ሰብስቦ የወሰዳቸውን ዕፅዋት ለይቶ፣ በሶልት የ1814 መጽሐፍ ላይ የወጣውን ዝርዝር ያዘጋጀው እሱ ነበር።

ብራውን መጀመሪያ «የሕይወትን እንቅስቃሴ አገኘሁ ይሆን?» ብሎ አሰበ። ግን ጠንቃቃ ሰው ነበር። የደረቀ ዕፅ ሞከረ፤ ተንቀጠቀጠ። መስታወት ፈጭቶ ሞከረ፤ ተንቀጠቀጠ። ከግብፁ ስፊንክስ የተነሳ ቁራጭ ድንጋይ እንኳ ፈጭቶ ሞከረ፤ ያም ተንቀጠቀጠ። ስለዚህ እንቅስቃሴው የሕይወት ምልክት አልነበረም። በ1905 አልበርት አይንስታይን ምክንያቱን በስሌት አስረዳ፦ የማይታዩ የውኃ ሞለኪውሎች ብናኙን ከየአቅጣጫው ስለሚገፉት ነው።

ከዚህ ውስጥ የሚከብድ ጥያቄ ወጣ። ሕዋስ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በዚህ ትርምስ የሚገፋ ከሆነ ሥርዓቱ ከየት መጣ? ሕዋስ ሲከፈል ክሮሞዞሞቹን አስተካክሎ ለሁለት ያካፍላል። ስህተቱ ጥቂት ነው። በውስጡ ግን የሚያዝ አለቃ የለም። ኤርዊን ሽሮዲንገር በ1943 በደብሊን ከተማ ባሰማው ንግግር ይህንኑ አነሳ፦ ሁሉ ነገር ወደ መበታተን በሚያዘነብልበት ዓለም ሕይወት እንዴት ሳይበታተን ይቆያል? መልሱ በአጭሩ ሕያው ነገር ከአካባቢው ሥርዓት ያለውን ነገር እየወሰደ ይኖራል የሚል ነበር። ስንበላ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ከአስታው እሳት እስከ ቱሪንግ ነቁጦች

በ1952 እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አላን ቱሪንግ፣ ያው የኮምፒውተርን ሐሳብ ከጀመሩት አንዱ፣ አስገራሚ ነገር ጻፈ። ሁለት ኬሚካሎች እርስ በርስ ሲዋጡ፣ በተለያየ ፍጥነትም ሲሰራጩ፣ ወጥ ከሆነ ነገር ነቁጥና መስመር ሊወጣ ይችላል አለ።

በምሳሌ እንየው። በባሌ ከብት አርቢዎች አዲስ ግጦሽ እንዲወጣ አስታውን ያቃጥሉታል። እሳት በብዙ ቦታ ተነሳ እንበል። እሳት ራሱን ያባዛል፤ አንዱ ቁጥቋጦ ቀጣዩን ያያይዛል። እሳት የሚያጠፉ ሰዎች ደግሞ ጭሱን አይተው ከእሳቱ ቀድመው እየሮጡ ዙሪያውን ያረጥባሉ። ውጤቱ ምን ይሆናል? ሁሉም አይቃጠልም፤ ሁሉም አይተርፍም። የተቃጠሉ ክቦች በለምለም መካከል ተራርቀው ይቀራሉ። የቱሪንግ አንደኛው ኬሚካል እንደ እሳቱ ነው፤ ሁለተኛው፣ ፈጣኑ፣ እንደ አጥፊዎቹ ነው። ከድንጋዮቹ ታሪክ ጋር መመሳሰሉን አያችሁ? እዚያም ትንሽ ልዩነት ራሷን ታሳድጋለች፤ እዚያም ዕድገቱን የሚገታ ነገር አለ።

ያኔ ግን ሰው ይህን በቀላሉ አልተቀበለም። ሶቪየታዊው ኬሚስት ቦሪስ ቤሎውሶቭ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቀለሙ እየተለዋወጠ ወዲያና ወዲህ የሚል ኬሚካዊ ድብልቅ አገኘ። ጽሑፉን ወደ ሳይንስ መጽሔት ሲልክ «ይህ ሊሆን አይችልም» ተብሎ ተመለሰለት። አናቶል ዣቦቲንስኪ የተባለ ወጣት በ1961 ሥራውን አንስቶ እውነት መሆኑን አሳየ። ቤሎውሶቭ በ1970 አረፈ፤ የሌኒን ሽልማት የተሰጠው ከሞተ አሥር ዓመት በኋላ በ1980 ነው። ጉልበት እየበሉ የሚኖሩ ሥርዓቶችን ንድፈ ሐሳብ ያስፋፋው ኢሊያ ፕሪጎዢን በ1977 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ነገሩ የተከበረ ሳይንስ ሆነ።

ሕዋስ ውስጥ ያሉ ክሮች

አሁን ወደ ሕዋሱ እንግባ። በውስጡ ማይክሮቲዩብል የሚባሉ ቱቦ መሳይ ክሮች አሉ። ውፍረታቸው 25 ናኖ ሜትር ነው፤ ማለትም አንድ ሚሊ ሜትርን ለ40,000 ብታካፍሉት የምታገኙት። የተሠሩት ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ነው፤ ቱቡሊኖች እንደ ጡብ እየተደራረቡ ክሩን ያስረዝሙታል።

በ1984 ቲም ሚቺሰንና ማርክ ከርሽነር ያልተጠበቀ ነገር አዩ። እነዚህ ክሮች ዝም ብለው አይቆሙም። አንዱ ክር እያደገ ሳለ ሌላው ከጎኑ በድንገት ይፈርሳል፤ ከዚያ እንደገና ያድጋል። እንዲህ ለመኖር ጉልበት ይበላሉ። ይህ ብክነት ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሕዋስ ሊከፈል ሲል ክሮቹ ክሮሞዞም ፍለጋ በየአቅጣጫው ይላካሉ። ክሮሞዞም ያገኘው ክር ይጸናል፤ ያጣው ይፈርስና በሌላ አቅጣጫ ይሞከራል። ዓይነ ስውር በበትሩ መንገዱን ዳስሶ እንደሚያገኘው ነው። አለቃ አያስፈልግም፤ መሞከር፣ መፍረስና የተሳካውን መያዝ ይበቃል።

በዓመቱ፣ በ1985፣ ካይኔሲን የሚባል ሞተር ፕሮቲን ታወቀ። ካይኔሲን በማይክሮቲዩብል ላይ ዕቃ ተሸክሞ የሚራመድ ሞለኪውል ነው። እርምጃው 8 ናኖ ሜትር ነው፤ ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ኤቲፒ ይበላል። ኤቲፒ የሕዋስ ስንቅ ነው፤ አንድ ሰው በቀን ውስጥ እየሠራና እያፈረሰ የሚያዞረው ኤቲፒ በግምት የራሱን ክብደት ያህላል።

በ1997 ፍራንስዋ ኔደሌክና ባልደረቦቹ ከሕዋስ ውጪ ሙከራ አደረጉ። ቱቡሊን፣ ሞተር ፕሮቲንና ኤቲፒ ብቻ ቀላቀሉ። ምን ሆነ? ክሮቹና ሞተሮቹ እየተጓተቱ እንደ ኮከብ የሚፈነጥቁ ቅርጾችና አዙሪቶች ሠሩ። ሕዋስ የለም፣ ዘረ መል የለም፣ ንድፍ የለም፤ ጥለቱ ግን ወጣ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል እዚህ ቃል በቃል የሚሠራ ይመስላል። በ2012 ደግሞ የዝቮኒሚር ዶጊች ቡድን ብዙ ክሮችን ከሞተሮች ጋር አድርጎ ማንም ሳያማስለው በራሱ የሚፈስና የሚታጠፍ ፈሳሽ ሠራ። ኤቲፒው ሲያልቅ ፈሳሹ ቆመ።

እንዲህ ያለው ነገር ዛሬ ንቁ ቁስ ይባላል፦ እያንዳንዱ ክፍል ራሱ ጉልበት እየበላ የሚንቀሳቀስበት ቁስ። ሕዋስ የቅቤውንም ዓይነት ሥርዓት ይጠቀማል፤ በ2009 የታተመ ጥናት በአንዲት ጥቃቅን ትል ሕዋስ ውስጥ ያሉ እንክብሎች በወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ ዘይት የሚዋሃዱና የሚንጠባጠቡ ፈሳሽ ጠብታዎች መሆናቸውን አሳይቷል። እነዚህን ጠብታዎች የት እንደሚሰበሰቡ የሚወስነው ግን ያው ጉልበት የሚበላው ማሽን ነው።

በትምህርት ቤት የምትውጡት ክኒን

ይህ ሁሉ የላቦራቶሪ ጨዋታ ይመስላል? አይደለም። በአገራችን ለተማሪዎች የአንጀት ትል ማጥፊያ ክኒን የማደል አገር አቀፍ ዘመቻ በ2015 ተጀምሯል። ከመድኃኒቶቹ መካከል አልቤንዳዞልና ሜቤንዳዞል ይገኛሉ። እነዚህ መድኃኒቶች የሚያጠቁት የትሉን ቱቡሊን ነው። ከትሉ ቱቡሊን ጋር ይጣበቃሉ፤ አዲስ ጡብ በክሩ ላይ እንዳይጨመር ያግዳሉ። ክሮቹ ሲጠፉ የትሉ ሕዋሳት ስኳር መውሰድ ያቅታቸዋል፤ ትሉም በረሃብ ይሞታል። መድኃኒቱ ከእኛ ቱቡሊን ጋር ያለው መጣበቅ በጣም ደካማ ስለሆነ ነው እኛን የማይጎዳን።

ተቃራኒውም ይሠራል። በ1979 ሱዛን ሆርዊትዝ ታክሶል የተባለው መድኃኒት ማይክሮቲዩብልን እንደማያፈርስ፣ ይልቁንም እንዳይፈርስ አድርጎ እንደሚያደርቀው አሳየች። ክሩ ካልፈረሰ ፍለጋውን መድገም አይችልም፤ ስለዚህ በፍጥነት የሚከፈለው የካንሰር ሕዋስ ሥራው ይሰናከላል። ለሕዋስ አለመገንባትም አለማፍረስም እኩል አደጋ ናቸው። የሳነቲ ድንጋይ ያለ ውርጭ ሺህ ዓመታት ይሰለፋል፤ የሕዋስ ሥርዓት ግን መሥራትና ማፍረሱ ሲቆም አብሮ ያልቃል።

በጎቹና ፍልፈሎቹ

ንቁ ቁስ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ አይደለም። በ1995 ሀንጋሪያዊው ታማሽ ቪቼክና ባልደረቦቹ አንድ ቀላል ሞዴል አወጡ። በኮምፒውተር ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ በማይለወጥ ፍጥነት ትሄዳለች፤ አቅጣጫዋን የምትወስነው በአጠገቧ ያሉትን አማካይ በማየት ነው፤ ትንሽ ስህተትም ይጨመርባታል። ነጥቦቹ ጥቂት ወይም ስህተቱ ብዙ ሲሆን እንደ ገበያ ትርምስ ነው። ሲበዙና ስህተቱ ሲቀንስ ግን በድንገት ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይተማሉ። ውኃ ወደ በረዶ እንደሚለወጥ ያለ ለውጥ ነው።

በዲንሾ በኩል በጎችን የሚጠብቅ እረኛ ይህን ያለ ኮምፒውተር ያውቀዋል። መቶ በግ ለመመለስ መቶ ጊዜ አይሮጥም፤ ጥቂቶቹን ያዞራል፤ የቀሩት ጎረቤታቸውን አይተው ይከተላሉ።

አሁን ያ ነፃ የለቀቅነው ፍልፈል ይምጣ። ግዙፉ ፍልፈል ከባሌ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ በአፉ ዙሪያ ያለውን ሣር ይነቅላል፤ ተመልሶ ይገባል፤ አፈር ያወጣል። እያንዳንዱ የሚያስበው ስለራሱ ጉድጓድ ብቻ ነው። የሁሉም ድምር ግን አፈሩን ይገለብጣል፣ ዕፅዋቱን ይለዋውጣል፣ የአምባውን ገጽ ይቀርጻል። ቀይ ቀበሮም የሚያድነው በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ጆሮውን ቀስሮ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያደፍጣል። በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ነው።

ይህ ሥርዓት የድስት ዓይነት ነው። ግጦሹ ከልክ ሲያልፍ ወይም መሬቱ በእርሻ ሲያዝ የፍልፈሉ ቀለብ ይቀንሳል፤ የፍልፈሉ ሲቀንስ የቀበሮውም እንዲሁ። ከመንደር ውሾች የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታም ከአንዱ ቀበሮ ወደ ጎረቤቱ እየተላለፈ፣ ያለ አዛዥ፣ አንድን ሸለቆ ባዶ ሊያስቀር ይችላል፤ በ2003 የተነሳው ወረርሽኝ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ገድሏል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ትልቅ ነገር ነው። ምዝገባው ብቻውን ግን ቀለብ አይሆንም። ሥርዓቱ በየቀኑ መኖር አለበት፤ ለዚህ ደግሞ የአርቢውም የገበሬውም የፓርኩም ሥራ መገጣጠም አለበት።

ድንጋዮቹን አታገላብጡ

ሮቤ ወይም ጎባ የምትኖሩ ከሆነ፣ ወይም በመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተምራችሁ አንድ ቀን ሳነቲ ለመውጣት ካሰባችሁ፣ አንድ ነገር አስታውሱ። ተመራማሪዎች የረድፎቹን ዕድሜ ለማወቅ የሚጠቀሙበት ዘዴ ድንጋዩ ገጽ ላይ የተጻፈ ነው። ከሕዋ የሚመጡ ጨረሮች ድንጋዩን ሲመቱት በውስጡ ክሎሪን-36 የሚባል ብርቅ አተም ይፈጠራል። ድንጋዩ ሰማይ ባየ ቁጥር ይህ አተም ይጨምራል፤ መጠኑን ለክቶ ምን ያህል ዘመን ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ እንደቆየ መገመት ይቻላል። በረድፎቹ ላይ የተሠራው ሥራ ሁሉን አልጨረሰም፤ ጥናቱ ራሱ ረድፎቹ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ብቻ ተሠሩ ወይስ በብዙ የብርድ ዘመናት ተጠራቀሙ የሚለውን ክፍት ትቶታል።

ስለዚህ ለፎቶ ብሎ ወይም ለአጥር ተፈልጎ አንድ ድንጋይ ሲገለበጥ ወይም ሲነሳ ይህ ጽሑፍ ይበላሻል። ማየት፣ መለካት፣ ከላይ ፎቶ ማንሳት፣ ረድፍ ከረድፍ ያለውን ርቀት በሜትር መመዝገብ ግን ለማንም ክፍት ነው። ተዳፋቱ ሲቆም ረድፉ ይጠባል ወይስ ይሰፋል? ሜዳው ላይ ክብ ቅርጽ አለ? እነዚህን በሜትር ገመድና በደብተር መጀመር ይቻላል።